ቡናው ጥላ አለው፤ ባለጉዳዩስ?

(ከዲላ)

ጌዴኦ ውስጥ በቡና ወቅት ያለፈ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ታጥቦ በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ፀሐይ ሲበረታበት ይሸፈናል። እኩለ ቀን ላይ ገላልጦ የሚተወው ሥራውን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ኃይለኛ ፀሐይ ካገኘው ገለባው ይሰነጠቃል፤ ጣዕሙ ይጎዳል፤ ጣዕሙ ሲጎዳ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬ እስከ ገደብ፣ ቡና የሚያደርቅ ሁሉ በቀትር ለቡናው ጥላ ያበጅለታል።

ታዲያ የዚህ ቡና ባለቤት ቡናውን ሸፍኖ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጉዳይ ሊያስፈጽም ዲላ ሲመጣ ምን ይገጥመዋል? እሱ ራሱ በረንዳ ላይ ይሰጣል! መጥቶ የሚሸፍነው ግን የለም። በአንድ መሥሪያ ቤትማ ከላይ የሚወርድበት ፀሐይ አልበቃ ብሎ ከጎኑ ትኩስ አየር በማሽን ይለቀቅበት ጀምሯል። ማጋነን እንዳይመስላችሁ። እኔም አክስቴም ቆመን የተለበለብንበት ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ገበና ስላልሆነ ነው። አንባቢ በየከተማው፣ በየበረንዳው የራሱን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ከቡሌ ናት። በይዞታ ደብተሯ ላይ የአባቷ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። አንድ ፊደል! ቢሆንም ያቺ ፊደል ካልታረመች ደብተሩ የሌላ ሰው ነው። ወረዳው «ወደ በላይ አካል ሂጂ» አላት፤ ባለፈው የካቲት እጇን ይዤ ወደ በላይ አካል ሄድን። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ በትሕትና፣ «እማማ፣ ዛሬ ጉዳይ የለም። የኃላፊው ቢሮ ኤሲ እየተገጠመለት ነው» አላት።

አክስቴ ኤሲ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ቤት የሚያቀዘቅዝ ማሽን ነው» አልኳት። የቡሌ ሰው ቆላ ወርዶ እንጂ ቤቱ ተቀምጦ ብርድ ሲገዛ አይቶ አያውቅም። «ብርድ በገንዘብ?» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም።

«ካሴት» የሚባለው ነገር

ወደ ቤታችን ከመመለሳችን በፊት በተከፈተው በር አንገቴን ብቅ አድርጌ ተመለከትኩ። ከሐዋሳ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ መሰላል ላይ ቆሞ ኮርኒሱን በአራት ማዕዘን ይቆርጣል። ታች ወለሉ ላይ ጎኑ አንድ ሜትር ግድም የሚሆን ነጭ ክዳን ተጋድሟል።

«ይሄ ምንድን ነው የኔ ወንድም?» አልኩት።

«ካሴት ይባላል ጋሼ።»

«የዘፈኑ ካሴት?»

ሳቀ። ልጁ ሥራውን የሚወድ፣ አስረዱኝ ሲሉት ደስ የሚለው ዓይነት ነው። ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ከተለመደው ኤሲ የሚለየው አካሉ ሙሉ በሙሉ ከኮርኒሱ በላይ መደበቁ ነው። ከታች የሚታየው ክዳኑ ብቻ ነው፤ መካከሉ ላይ የክፍሉን አየር ይስባል፣ በአራት ጎን ባሉት አፎቹ ቀዝቃዛውን ይተፋል። አካሉ ከባድ ስለሆነ በቺፕውድ ኮርኒስ ላይ አይጫንም። በአራት ጥርስ ባላቸው ብረቶች ከጣሪያው ማገር ወይም ከኮንክሪቱ ላይ ይንጠለጠላል። ውሃ ልክ ተይዞ ካልተስተካከለ ከአየሩ የሚጨምቀው ውሃ ሳህኑን ሞልቶ ይፈስሳል። ያንን ውሃ ወደ ላይ ስቦ በቱቦ የሚያስወጣ ትንሽ ፓምፕ በውስጡ አለ። ከዚያ በደንብ የተሸፈኑ ሁለት የመዳብ ቱቦዎች ከክፍሉ ወጥተው ደጅ ካለው ሞተር ጋር ይገናኛሉ። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በማሽን ተመጥጦ ሳይወጣ ጋዙ አይለቀቅም። «ይህችን ዘልሎ ጋዝ የሚለቅ ሰው ሞተሩን እየገደለው ነው» አለኝ ልጁ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ ክፍሉ አምስት በአራት ሜትር ነው፤ ለዚህ የ12 ሺህ፣ ቆርቆሮው ይከብዳል ከተባለም የ18 ሺህ ቢቲዩ ማሽን ይበቃዋል። የተገዛው ግን የ36 ሺህ ነው። «ትልቅ ሲገዛ ትርፍ ይመስላቸዋል ጋሼ። ትልቁ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ወዲያው ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ሞተሩም አይበረክት፣ የክፍሉ እርጥበትም በደንብ አይወጣ።»

ሁለተኛው ነው እኔን የነካኝ።

ሙቀቱ ወዴት ሄደ?

«ማሽኑ ብርድ አይፈጥርም» አለኝ። «ከክፍሉ ውስጥ ሙቀቱን አንስቶ ደጅ መጣል ነው ሥራው።»

«ደጅ የት?»

በአውራ ጣቱ ወደ በረንዳው አመለከተኝ። ባለጉዳይ ወደሚሰለፍበት!

እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅሁት። ከማሽኑ ጋር አብሮ የተገዛው የመዳብ ቱቦ አምስት ሜትር ነው። ሞተሩን ሰው በማይደርስበት በጓሮ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አሥራ ሁለት ሜትር ያስፈልጋል። የጎደለውን ሰባት ሜትር ለመግዛት አዲስ የግዥ ጥያቄ፣ አዲስ ፊርማ፣ አዲስ በጀት ሊጠየቅ ነው። ስለዚህ አጭሩ መንገድ ተመረጠ። አጭሩ መንገድ ደግሞ በሕዝብ ደረት ላይ የሚያልፈው ሆነ። ወቸ ጉድ!

ቤቴ ገብቼ ሂሳቡን ሠራሁት። የ36 ሺህ ቢቲዩ ማሽን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት አሥር ኪሎ ዋት ተኩል ግድም ነው። ራሱ የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይልም ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ይጠጋል፤ ይህም ወደ ሙቀት ተለውጦ አብሮ ይወጣል። ድምሩ ወደ 14 ኪሎ ዋት ነው። ለእናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ ልናገረው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ግድም ይወስዳል። እንግዲህ በረንዳው ላይ አራት የጋሉ ምጣዶች ተደርድረዋል ማለት ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቢሆን ባልከፋ፤ የሚጋገረው ባለጉዳይ ነው።

ከሳምንት በኋላ ተመልሰን ሄድን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር፣ ያ «በቅንነትና በፍጥነት እናገለግላለን» የሚለው ዓይነት ወረቀት፣ ከሞተሩ በሚወጣው ንፋስ እየተርገበገበ ነው። የአክስቴ ተራ ሞተሩ ትይዩ ሲደርስ ጋቢዋን በአፍንጫዋ ላይ ያዘች። ጥቂት ቆየችና አልቻለችም፤ ከሰልፉ ወጣች። ግቢው ውስጥ ቀደም ሲል አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ተቆርጧል። ጥላ ፍለጋ የወጣችው አሮጊት የጥላው ጉቶ ላይ ተቀመጠች። ስትመለስ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ፣ «እማማ፣ ተራዎን ለቀዋል» አላት። እውነቱን ነው፤ ለቃለች። ሰውዬውም እንደ እሷ የተለበለበ ስለሆነ አልፈርድበትም። ድሃን ከድሃ የሚያጣላው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን በሩ ነው

ሙቀቱን እንኳ ችለን እንለፈው። ከሁሉ የባሰው በሩ መዘጋቱ ነው።

ያ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን በሐቅ ልመስክር። ኤሲው ሳይገባ በፊት ክፍላቸው ምድጃ ነበር። በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርገው ከፍተው፣ ኮታቸውን አውልቀው ነበር የሚሠሩት። እኛ በረንዳ ላይ ሆነን እናያቸዋለን፤ እሳቸውም ያዩናል። አንዲት ነፍሰ ጡር ቆማ ካዩ «እሷን አስቀድሟት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ዓይነት ሙቀት እንሞቅ ነበርና ቋንቋችን አንድ ነበር።

ኤሲ ያለው ቤት ግን በሩ ይዘጋል። መዘጋትም አለበት፤ ካልተዘጋ ብርዱ ይወጣል። አሁን በሩ ላይ «በሩን ይዝጉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጥ ያለው ሰው ውጭ ምን ያህል ሰው እንደቆመ አያይም፤ ምን ያህል እንደሚሞቅም አይሰማውም። ከክፍላቸው የወጣው ሙቀት እኛ ላይ እንደሚወርድ አያውቁም ብል ሐሰት አልተናገርኩም። እንዴት ይወቁት? ማን ይንገራቸው?

ሲንጋፖር ወዲህ፣ ዲላ ወዲያ

በሌላ ቀን አንድ የተማረ ወዳጄን ይህን ባጫውተው ተቆጣኝ። «አንተ የእድገት ጠላት ነህ! የሲንጋፖሩ ሊ ኳን ዩ ሥልጣን እንደያዘ የመጀመሪያ ሥራው በመንግሥት ሠራተኞች ቢሮ ኤር ኮንዲሽነር ማስገባት ነበር። አገሩን ያሳደገው በዚህ ነው» አለኝ።

ሰውዬው ይህን መናገራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሲንጋፖር ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ግድም ርቃ የተቀመጠች አገር ናት። ሌሊቷም ሞቃት፣ አየሯም ዓመቱን በሙሉ እርጥብ ነው። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ከፍ ያለች ወይና ደጋ ናት። የየካቲት ቀትሯ ቢያስቸግርም ማታ ላይ ሹራብ ትጠይቃለች። ደግሞም ሲንጋፖር ለመንግሥት ሠራተኛው አስገባች ተባለ እንጂ ለአንድ ኃላፊ አስገብታ ሙቀቱን ሕዝቡ ላይ ደፋች አልተባለም።

ማሽኑን ጠልቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር ዘመናዊውን የአየር ማቀዝቀዣ ሲሠራ ብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር፤ አየሩ ሲርስ ወረቀቱ እየተለጠጠ ቀለሙ ከቦታው ይዛነፍ ስለነበር ነው። መፍትሔው ከችግሩ ተነሳ። በእኛም አገር ችግሩ ያለበት ቦታ ሞልቷል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ክትባት አለ፤ ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ክፍል አለ፤ ላቦራቶሪ አለ። ሠራተኛው የበረሃ አበል የሚከፈልበት፣ ቀትር ላይ ሥራ አስቸጋሪ የሚሆንበት ሰመራና ጋምቤላ አለ። እዚያ ኤሲ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ እኔው ራሴ እሟገተዋለሁ።

የዲላው ቢሮ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ችግሩ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ በጠራ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ከሥሩ ያለው ስስ ቺፕውድ ነው። በሁለቱ መካከል ሙቀት የሚከለክል አንዳችም ነገር የለም፤ የታመቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳም የለም። የጋለውን ጣሪያ እንዳለ ትቶ ከሥሩ ማቀዝቀዝ በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሕንፃውን በመስታወት አልብሶ ውስጡን በማሽን ማቀዝቀዝ ፋሽን ሆኗል፤ እኛም በቆርቆሯችን ሥር ያንኑ ፋሽን ልንከተል ነው።

የሰኔ ግዥ

ማሽኑ የተገዛው መቼ እንደሆነ ብትሰሙ ትስቃላችሁ። በሰኔ! ዝናብ በሚዘንብበት፣ ሰው ካፖርት በሚደርብበት ወር። በሰኔ ለምን ተገዛ? የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነዋ! ገንዘቡ ተመላሽ ከሚሆን ይገዛ ተባለ። ከዚያ እስከ የካቲት መጋዘን ውስጥ ተኛ። ባለሙያው የተጠራው ዕቃው ከተገዛ ከሰባት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ክፍሉን ሳይለካ፣ ጣሪያውን ሳያይ፣ ሞተሩ የት እንደሚሰቀል ሳይጠየቅ ዕቃው ተገዛ። ልጁ የመጣው ለተሰፋ ልብስ ሰው እንዲፈልግ ነው።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዲላም ከክልሉ ማዕከል ከተሞች አንዷ ሆናለች። ቢሮ መጥቷል፣ ወንበር መጥቷል፣ መጋረጃ መጥቷል። መልካም ነው። ቢሮ ሲበዛ ግን በረንዳም ይበዛል፤ በረንዳ ላይ የሚቆም ሰውም ይበዛል። ለበረንዳው የተያዘው በጀት የቱ ጋ ነው?

ጥላ የሚያውቅ ሕዝብ

ነገሩን የሚያሳዝነው ይህ የሚሆነው ጌዴኦ ላይ መሆኑ ነው። ጌዴኦ ማለት እኮ ጥላን የሚያርስ ሕዝብ ነው! ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጎን ቡናው፣ ከቡናው ሥር ጎመኑና ቦዬው። አንዱ ለሌላው ጥላ ሆኖ፣ ቅጠሉ አፈሩን እያለበሰ፣ በአገራችን እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖረው ሕዝብ አንዱን ይመግባል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ዛፍና እርሻ፣ ትክል ድንጋዩና ባህሉ አብረው የቆዩበትን ይህን ኑሮ ነው ያከበረው። ያን ሰሞን ዲላ ላይ ስንጨፍር ኃላፊዎቻችንም አብረውን ጨፍረዋል። ከጭፈራው ሲመለሱ ግን ዋንዛ ቆርጠው መኪና አቆሙበት፤ ጥላው ሲጠፋ ኤሲ ገዙለት።

አክስቴ ጉቶው ላይ ተቀምጣ ያለችኝን አልረሳም። «አንተ ልጅ፣ እኛ ጓሮ እንሰት ሥር ሙቀት የለም። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ዛፍ መትከል አልተማሩም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ቀን መብራት ሄደ

ለሦስተኛ ጊዜ የሄድነው ሚያዝያ ላይ ነው። የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። አየሩ ሲርስ ማሽኑ የሚጨምቀው ውሃም ይበዛልና፣ ማስወጫ ቱቦው በአቧራ ተደፍኖ ኮርኒሱ ላይ የሻይ ቀለም ያለው እድፍ ተነጥፏል። ከሥሩ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ተቀምጧል። የሚያጸዳው ባለሙያ ከሐዋሳ እስኪመጣ የጥገና በጀት ይጠበቃል።

እኛ እንደተሰለፍን መብራት ሄደ። ሞተሩ ዝም አለ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ በሩ ተከፈተ። ኃላፊው ኮታቸውን አውልቀው፣ ወንበራቸውን ራሳቸው ይዘው በረንዳው ላይ ወጡና ተቀመጡ። ቀና ብለው አዩን። አክስቴን አይተው፣ «እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» አሏት። ደብተሩን ሰጠቻቸው። አዩት። «ይቺ ፊደል ናት?» አሉ። ብዕር አወጡ፣ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ጻፉበት፣ ማኅተም አስመጡና አተሙበት። ሦስት ወር ያመላለሰን ጉዳይ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ አለቀ።

አክስቴ መረቀቻቸው። ወደ መኪና ተራ ስንሄድ ግን «ሁልጊዜ መብራት ቢጠፋ እንዴት ጥሩ ነበር» አለች። የተናገረችው ከልቧ ነው። ሕዝብ መብራት እንዲጠፋለት የሚጸልይበት አገር ውስጥ ደርሰናል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻ እንዳይሆንብኝ የሚመስለኝን ልናገር። አንደኛ፣ ያ ሞተር ዛሬውኑ ከበረንዳው ይነሳ። ሰባት ሜትር መዳብ የሕዝብ ክብር ዋጋ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፣ ማሽን ከመገዛቱ በፊት ጣሪያው ይታይ። ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚከለክል ነገር ይነጠፍ፣ ለታመቀው አየር መውጫ ይከፈት፣ ቆርቆሮው ነጭ ቀለም ይቀባ፣ በረንዳው ይርዘም። ያ አንድ ማሽን በሙሉ ኃይሉ የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ከ40 የማያንሱ የኮርኒስ ማራገቢያዎችን ያሽከረክራል፤ ለጸሐፊዋም፣ ለመዝገብ ቤቱም፣ ለባለጉዳዩም ይዳረሳል። ሦስተኛ፣ ባለሙያው ከግዥው በፊት ይጠራ እንጂ ከግዥው በኋላ አይጠራ። አራተኛ፣ በተቆረጠው ዋንዛ ምትክ ይተከል፤ ለመትከል ጌዴኦ አስተማሪ አያስፈልገውም።

አምስተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ደንግጓል። እንግዲያው ምን እንደተገዛ፣ ለምን እንደተገዛ፣ በስንት እንደተገዛ ከዚያ ከሚርገበገበው ቻርተር ጎን ይለጠፍልን። ገንዘቡ የእኛ ነው፤ ሙቀቱም የእኛ ሆኗል። ሂሳቡንስ ብናይ ምን አለበት?

ኃላፊዎቻችን ይቅዘፉ፣ ይሙቱ አላልኩም። ይቀዝቅዙ፤ ደስ ይበላቸው። እኛ የምንለው እነሱ የሚቀዘቅዙት በእኛ ሙቀት አይሁን ነው። ይህ አስቸጋሪ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በሩን ይክፈቱልን። ቡናችን እንኳ በቀትር የሚሸፍነው ሰው አያጣም።

ልቦና ይስጠን!